የሺራ ትእዛዞች ለአባባ ታዬ

ሥራ የጀመርኩት ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን መናሄሌቷ፣ ርእሰ መምህርቷ ማለት ነው፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ሰጠችኝ። ማሽኖቹ አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ ለብሰው ነበር።

«ብርቱካን፣ ዋናው ነገር ልጆቹ እንዳይሰብሯቸው ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ላስተምራቸው?»

«በኮምፒውተር መጻፍ አሳዪያቸው። ይበቃቸዋል።»

አልበቃቸውም። መጻፉ ቶሎ ሰለቻቸው። ስለዚህ ማሽኖቹን አጥፍቼ አዛዥና ታዛዥ አደረግኳቸው። አንዱ ዓይኑን ይሸፈናል፣ ሌላው ከወንበሩ እስከ መስኮቱ በቃል ይመራዋል። ታዛዡ እንደ ኮምፒውተር ከተባለው ውጪ ምንም አያደርግም። «ወደ ቀኝ» ሲባል የማን ቀኝ እንደሆነ ይጣላሉ፤ ከዚያ ትእዛዙን ያርማሉ። ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ትእዛዙ ከተስተካከለ በኋላ ነበር። መናሄሌቷ በር ላይ ቆማ ታየንና ትሄዳለች።

ጥቂት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ በአንዱ የብርድ ወራት ጦርነት ተነስቶ ሮኬት ቤር ሼቫ መድረስ ጀመረ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮኽ ለመሸሸግ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር። እኔም ቤታቸው እየሄድኩ ልጆቹን እጠይቅ ነበር።

ሺራ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቷና ከአያቷ ከአባባ ታዬ ጋር ትኖራለች። እናቷ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ አካባቢ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፤ ሥራው አልቆመም። አባባ ታዬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ዕብራይስጥም አይሰሙም።

«ትምህርት ሲከፈት ቀን ቀን ብቻውን ነው የሚውለው» አለችኝ ሺራ በዕብራይስጥ። «ሲጮኽ ውጣ ብዬዋለሁ።»

አባባ ታዬን ጠየቅኳቸው።

«ውጣ ትለኛለች። ወዴት ነው የምወጣው፣ ጣራ ላይ?» አሉ።

ሺራ አማርኛዋ አጭር ነበር። ሕንፃው መጠለያ ስላልነበረው መሸሸጊያው ደረጃው ነበር፤ ተቀምጠን ትእዛዞቹን በአማርኛ አበጀን። ተነስ። በሩን ክፈት። ደረጃውን ይዘህ ሁለት ፎቅ ውረድ። መታጠፊያው ላይ፣ ከመስኮቱ ርቀህ፣ ግድግዳውን ተደግፈህ ተቀመጥ።

ስንሞክረው አባባ ታዬ መጀመሪያ ጫማ ፈለጉ። በሁለተኛው ምርኩዛቸው ጠፋ። ሺራ ጫማውን በሩ ሥር አስቀመጠች፣ ምርኩዙን እጀታው ላይ ሰቀለች። እንደገና ሲሞክሩ ደቂቃው ሳያልቅ ደረሱ።

«በስተርጅና ወታደር አደረግሽኝ» አሏት። ልምምዱን ግን ሳይሰለቹ ደጋገሙት።

ሚክላት፣ መጠለያ ማለት ነው፣ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ቀድመው ተከፈቱ። እኛም ተመለስን። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለን ጮኸ። ልጆቹን ይዤ ሚክላት ገባሁ። ፍንዳታው ከሩቅ ተሰማ። ሺራ ክንዴን ይዛ፣ «አባባ ወርዷል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ልዋሻት አልፈለግኩም።

ስልክ ተጨናንቆ እናቷን ማግኘት አልቻልንም። ሺራ ወደ በሩ ስትሄድ መናሄሌቷ አስቆመቻት።

«ወላጁ ሳይመጣ ማንም ልጅ አይወጣም።»

«እኔ አደርሳታለሁ» አልኩ። «ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው።»

ሁለታችንንም አየችን። «ሂጂ። ክፍልሽን እኔ እይዛለሁ» አለች።

አውቶቡስ እስኪመጣ፣ እስክንደርስ ብዙ ቆየን። ሺራ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። አባባ ታዬ መታጠፊያው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሀል ይዘው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ሆኗል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ከገቡ ቆይተዋል። አንዲት ሴትዮ በምልክት ልታስነሳቸው ሞክራ እምቢ እንዳሏት ነገረችን።

«አባባ፣ እኮ ለምን አልተመለሱም?» አልኳቸው።

«ተመለስ አላለችኝም» አሉ።

ሺራ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ራሷን ይደባብሳሉ። ትንሽ ቆይታ እንባዋን ጠረገችና፣ «አባባ፣ አልቋል። ተነስ፣ ቤት እንግባ» አለቻቸው በአማርኛ። ወዲያው ተነሱ። ደግፈናቸው ወጣን፣ ብርድ ልብስ ደረብንላቸው። ጸጥታው ሲመለስ ሴትዮዋ አጠገባቸው ግድግዳውን ሦስት ጊዜ እንድታንኳኳላቸው ሺራ ለመነቻት፤ ሲንኳኳ መመለስ የመጨረሻው ትእዛዝ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ለአዳዲስ መምህራን የምላቸው ይህን ነው፦ ትእዛዝ ስትሰጡ ማብቂያውን አብራችሁ ስጡ። የሚታዘዛችሁ አምኗችሁ ይጠብቃል።