ለቅሶ ቤት የቀረበልኝ ጥያቄ

የአስቴር እናት ማረፋቸውን ሰምቼ ከሶዶ በሚኒባስ ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወረድኩ። አስቴር ሶዶ ውስጥ ጎረቤቴ ናት፤ ሴት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ድንኳኑ ውስጥ ገና አረፍ ከማለቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ መሀል ወሰደችኝ። ሰው ፊት ማልቀስ ከብዷት ይሆናል ብዬ መሐረቤን አወጣሁ።

እሷ ግን ከነጠላዋ ሥር የእንክብል ብልቃጥ አወጣች።

«ለደም ግፊትም ለመገጣጠሚያም ነው» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን በቃል እንደተጠና ትምህርት ይፈስሳል። «አንድ ትገዛና አባል ትሆናለህ። ከዚያ አንተም ሰው ታስገባለህ።»

«አስቴር፣ ዛሬ?»

«ታዲያ መቼ? ዘመዱ ሁሉ የተሰበሰበው ዛሬ ነው። በዚህ ወር ከሥሬ ሁለት ሰው ካላስገባሁ እሰረዛለሁ። ለመግቢያ የከፈልኩት የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ወንድሜ።»

«አንቺንስ ማን አስገባሽ?»

«እንደ እኔው ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ናት። እሷም ሰው ጎድሎባት ነበር።»

ከድንኳኑ የለቀስተኞቹ መዝሙር ይሰማል። ብልቃጡን ተቀብዬ አገላበጥኩ።

«እስካሁን ማንም አልገባልሽም?» አልኳት።

«አንድ ሰው ገብታልኝ ነበር፤ ላሟን ሸጣ።» የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «እማዬ ናት። አሁን ቦታዋ ባዶ ሆነ። አንተ ግባልኝ።»