ኮማንደሩና የእኔ እግሮች

የእስር ቤቱ ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ስለተቀመጠ ፊት የሚታይበት ቦታ አልነበረም። ጠባቂው ከኋላ ገፋ አደረገኝና ዘጋው። ውስጥ እግሬን ተገርፌ ስለነበር መቆም አቅቶኝ እዚያው በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው ጎን ተዘረርኩ። የአዲስ ገቢ ቦታም ያው ነበር።

"ልጁን ወደዚህ አሳልፉት" አሉ አንድ ሽበታም፣ ቀጭን ሰው። ግድግዳ ሥር ያለውን ቦታቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው ባልዲው ዘንድ ሄደው ተቀመጡ። የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪ ስለነበሩ ክፍሉ በሙሉ ኮማንደር ይላቸዋል።

እንዴት አብራሪ እንደሆኑ ሲያወሩልኝ ሕመሜን እረሳ ነበር። ባሕር ኃይል የገቡት ነጩን ልብስ ወደው ነው። "ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከብ ላይ ስወጣ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወከኝ። አለቃዬ አይቶ አይቶ፣ 'ይሄን ሰውዬ ወይ አየር ላይ አውጡት ወይ አገሩ ስደዱት' አለ።" ውጭ አገር ተልከው በረራ ተማሩ፤ ከረዳት አብራሪነት ዋና አብራሪ፣ ኋላም አስተማሪ ሆኑ። ከሁሉ የከበዳቸው የምትወዛወዝ መርከብ ላይ ማረፍ ነበር። "አታሳድዳትም። ረጋ ብለህ ትጠብቃታለህ" ይሉኛል፣ መዳፋቸውን እንደ መርከብ እያወዛወዙ። መንግሥት ሲለወጥ በረራውም ማዕረጉም ቀረና ከእኛ ጋር ታጎሩ። በጣም ነበር የምወዳቸው።

ጭንቁ ጠዋት ጠዋት ነው። ወደ ሽንት ቤት የምንወጣው በሩጫ ነበር፤ አንድ ሰው ከዘገየ ሰዓቱ ያልቅና ሌላው ሳይጠቀም ይመለሳል። በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ሰዎች ተሸክመው አወጡኝ፤ ጠባቂዎቹ "ጆንያው መጣ" እያሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላም አልኩ። ካልበላሁ መውጣትም አያስፈልገኝም። እውነቱን ለመናገር መኖሩም አስጠልቶኝ ነበር።

በማግስቱ ኮማንደሩ እግሬ ሥር ቁጢጥ አሉ። "እኛ ሞተር ከማስነሳታችን በፊት ሁሉን ነገር እየነካን እንጠያየቃለን። ረዳቱ ይጠራል፣ አብራሪው ይመልሳል። ዛሬ ረዳትህ እኔ ነኝ።" ግራ እግሬን ነካ አደረጉት። "ግራ እግር?"

"ይተዉኝ ኮማንደር።"

"እንደሱ ተብሎ አይመለስም። ግራ እግር?"

"አለ።"

"ቀኝ እግር?"

"አለ።"

"ወገብ?"

"እሱን እንጃ" ስል ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በሩ ተከፈተ። "ሩጡ!" አለ ጠባቂው። የኮማንደሩን ትከሻ ይዤ ቆምኩ። "ተሸከሙትና ውጡ እንጂ!" አለ ጠባቂው መልሶ።

"ይሄዳል" አሉት ኮማንደሩ።

አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከፊቴ ያሉት ይሮጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልሮጡም። ከኋላዬ ያሉትም አላለፉኝም። ክፍሉ በሙሉ በእኔ እርምጃ ልክ፣ ዝም ብሎ ግቢውን ተሻገረ። ጠባቂው ጮኸ፣ ዱላውን ከበሩ ጋር አጋጨ፤ ማንም አልሮጠም። ሰዓቱ አልቆ ግማሹ ሰው ሳይጠቀም ተመለሰ። አንድም ሰው ግን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያን ቀን ምሳዬን በላሁ።

እኔ ስፈታ ኮማንደሩ እዚያው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ዛሬ የምኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው፤ አሁንም አነክሳለሁ። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ቅርብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለችው ልጄ ኮል አደረገችኝ። "አባዬ፣ አክሰፕት አደረጉኝ! ኔቪ፣ ፍላይት ስኩል! ሄሊኮፕተር ነው የምፈልገው።" የባሕር ኃይሉ የበረራ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሳይ እስካሁን መንገድ እቀይራለሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት።

"አባዬ? አር ዩ ማድ? ተናደድክብኝ? አንተ ካልመረቅከኝ አልሄድም።"

"እመጣለሁ" ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

የምትሄድ ቀን ጠዋት በሜትሮ ባቡር ቤቷ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ልጅ ሳለች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስንጠብቅ የምላትን አልኳት።

"ግራ እግር?"

እንባዋ መጣ። "አለ።"

"ቀኝ እግር?"

"አለ። ያንተስ አባዬ?"

"አለ" አልኩና ግንባሯን ስሜ መረቅኳት። ወደ ጣቢያው ስንወርድ ባቡሩ ሊያመልጣት ነበር። ብትሮጥ ትደርስበታለች። ሻንጣዋን እየጎተተች፣ በእኔ እርምጃ ልክ ሄደች።