ለሆሣዕና የገዛሁት ብሩሽ

እኔና እህቴ ለመጨረሻ ጊዜ የተጣላነው በጥርስ ብሩሽ ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ።

በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ካርቱም ያመጣችኝም፣ እዚህ ሥራ ያስለመደችኝም እሷ ናት፤ "እታለም" ነበር የምላት። ሳጃና በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ደም ግፊት ጥሏት ቀኝ ጎኗ ከሰለለ ወዲህ እኔ አጥባታለሁ፣ እኔ አጎርሳታለሁ። ጥርሷን ግን አላስነካም አለች። በግራ እጇ፣ ጠጉሩ ለስላሳ በሆነ ተራ ብሩሽ፣ ግድግዳ ተደግፋ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። አረፋው በደረቷ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ቀርፋፋ ነገር አልወድም፤ ቆሜ ሳያት እጄን ይበላኛል።

"አምጪው ባክሽ!" ስላት፣

"ሞኝሽን ፈልጊ! የቀረችኝን አንዲት ሥራ ልትነጥቂኝ?" ትላለች፣ በተጣመመ አፏ እየሳቀች።

ያኔ ዐማራት በሚባለው ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት እሠራ ነበር። የእመቤቲቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ ቆሟል። ሳጸዳ በየቀኑ አየዋለሁ፤ በቃ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የኔ እህት ከማን ታንሳለች አልኩ።

በተለይ ያን ሰሞን፣ እህቴ ልትቆርብ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ከአንድ ሰው ጋር ሳትጋባ ስለኖረች ከቁርባን ርቃ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከደጃፉ አታልፍም። ሰውዬው ከሞተ በኋላ ንስሐ ገባች። የንስሐ አባቷ የሰጧትን ቀኖና በዚያ በበሽተኛ ሰውነቷ ፈጸመች። "በይ እንግዲህ፣ ለሆሣዕና ትቆርቢያለሽ" ሲሏት እንዴት እንዳለቀሰች! ከታመመች ጀምሮ ከእግዜርም ከሰውም ሌላ ነገር ስትጠይቅ አልሰማሁም።

የሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከሥራ ስመለስ ፋርማሲ ገብቼ ብሩሹን ገዛሁ። ሻጩ በዐረብኛ፣ "አትጫኚው፣ ጥርሱ ላይ ብቻ አሳርፊው፣ ሥራውን ራሱ ይሠራል" ይለኛል። "ጠይብ፣ ጠይብ፣ እሺ" ብዬው ወጣሁ። ችኩል ነኝ። እህቴ ደም የሚያቀጥን ኪኒን እንደምትወስድም አልነገርኩትም፤ ኪኒንና ብሩሽ ምን አገናኛቸው ብዬ።

ቤት ገብቼ ሁለቱን ብሩሾች በሁለት እጄ ያዝኩና "ምረጪ" አልኳት። ወደ አሮጌው ጠቆመች።

"ይሄ ይበቃኛል። ያኛው ሲጮህ ያስፈራል።"

ተናደድኩ። ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ!

"ነገ ሥጋ ወደሙን በዚህ በቆሸሸ አፍ ልትቀበዪ ነው?" አልኳት።

ምላሴ ቢቆረጥ ምን ነበረበት? እታለም አላመነታችም፤ አፏን ከፈተችልኝ።

በሚሽከረከረው ነገር ጥርሷን እንደ ድስት ቂጥ ፈተግኩት። ዕድሜ ልኩን በእጁ ሲፈትግ የኖረ ሰው መጫን እንጂ ማሳረፍ መቼ ያውቃል? አረፋው ቀላ። በቀዝቃዛ ውሃ አጉመጠመጥኳት፣ ጥጥ አስነከስኳት፤ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሲነጋ ትራሷ ላይ ደም አገኘሁ። ነጠላዋ ታጥቦ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል።

"ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም" አለች።

"የድድ ደም እኮ ነው፣ እታለም!"

ለአባ ደወልኩ። አዳመጡኝና "አይዞሽ፣ ለትንሣኤ ትደርሳለች፤ አንድ ሳምንት እኮ ነው" አሉኝ። እህቴ አልተቆጣችኝም። ምነው በተቆጣችኝ! "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብላ አሾፈችብኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች ጎረቤታችን ዘንባባ ይዛላት መጣች። እኔ በሰለለችው እጇ ጣት ላይ አሰርኩላት።

ደሙ ሰኞ ቆመ። ወደ አሮጌው ብሩሽና ወደ ግራ እጇ ተመለስን። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለትንሣኤ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። የግቢያችን ባለቤት "ኢንሻአላህ እስከ ማታ ያበቃል" አሉን። አላበቃም። መብራት ጠፋ፤ የገዛሁት ብሩሽም ዝም አለ። የአባ ስልክ አይጠራም። እንኳን ቤተ ክርስቲያን፣ መንገድ ተሻግሮ ዳቦ መግዛት የማይቻል ሆነ።

እህቴ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በየማለዳው ነጭ ጨርቅ ድዷ ላይ አስነካና አሳያታለሁ።

"ደም አለ?"

"የለም።"

"እሰይ።"

ከዚያ ውሃ ስሰጣት እምቢ ትላለች። "ምናልባት ዛሬ መንገዱ ተከፍቶ ብቆርብስ? ቅዳሴ እስኪወጣ እንቆይ።" በዚያ በካርቱም ሙቀት! ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። "የምን ቅዳሴ? ቄሱ የት እንዳሉ እንኳ አይታወቅም!" ብዬ እጮህባታለሁ። ጮኼም ለምኜም፣ ረፍዶ ነው የምትጠጣልኝ።

ኪኒኗ በስምንተኛው ቀን አለቀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ስነቃ አንደበቷ ተይዟል። በግራ እጇ ወደ አፏ ጠቆመች። ጨርቁን አስነክቼ ዓይኗ ሥር ያዝኩላት።

"የለም፣ እታለም። ንጹሕ ነሽ።"

ውሃውን ሳስጠጋላት ከንፈሯን ገጠመች። እንደ ልማዴ ልቆጣት ነበር፤ አልቻልኩም። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እሺ፣ እንቆይ" አልኳት።

ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት ሞተች፤ ውሃውን ሳትቀምሰው።