ጋሻዬ ወፍጮ ቤቱን ሲለቅ

ቅናት የሴት ነው የሚል ሰው ሁለት ገበሬዎች በአንድ ድንበር ላይ ቆመው አዝመራ ሲተያዩ አላየም። ቢሆንም እውነቱን ለመናገር፣ ውዱን የሚያህል ቀናተኛ ሴት በሙጃ አገር አልነበረም። በባሏ ጥላ ትቀናለች ይሏት ነበር። ይኼ ሐሜት ነው። እሷ የምትቀናው በባሏ ሆድ ነበር።

ባሏ ጋሻዬ የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበር የወፍጮ ሠራተኛ ነው። ጊዜው ደርግ ነው። ማኅበሩ ወፍጮውን ካስተከለ ወዲህ በዙሪያው ያለ ሴት ሁሉ ገብሱንና ባቄላውን አዝሎ ወደዚያ ይመጣል። ሞተሩ ጧት በእጅ ማዞሪያው በማኒቬላ ከተነሣ እስኪመሽ አይጠፋም፤ አጥፍቶ ማስነሣቱ ወገብ ይቆርጣል፣ ናፍጣም ይፈጃል። ስለዚህ ጋሻዬ ለምሳ ቤቱ አይሄድም። እጁ ደግሞ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ታዲያ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ስንቃቸውን ሲፈቱ እሱን እያዩ ብቻቸውን ይብሉ? ነውር ነው። ጭብጦውን ቆርሰው "በሞቴ አያ ጋሻዬ!" እያሉ ያጎርሱታል። እሱም እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አፉን ይከፍታል። ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው።

ውዱን ያነደዳት ያ የተከፈተ አፍ ነው። ማታ ራት ስታቀርብለት ሁለቴ ቆርሶ እጁን ይሰበስባል።

"ጠግቤያለሁ።"

"ማን አጠገበህ?"

"ሰው ነዋ። እጄን እዪው እስኪ፣ በምን ልብላ? እምቢ ብልስ ነውር አይደለም?"

ሰው የተባለችው ይማርሽ እንደሆነች ውዱ አልጠፋትም። ይማርሽ ባሏ የሞተባት፣ አነባበሮዋ የተመሰገነላት ሴት ናት። ውዱ ወፍጮ ቤት ሄዳ አታውቅም፤ እህሏን ጋሻዬ ራሱ ጧት ተሸክሞ ሄዶ ማታ ዱቄቱን ይዞላት ይመጣል። አንድ ቀን ግን አላስችላት ብሎ ሄደችና በበሩ አጮልቃ አየች። ይማርሽ አንድ አጎረሰችው። ከዚያ "አንድማ ያጣላል!" አለችና ደገመችው። ሁለተኛው ጉርሻ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አገር ያውቃል፤ ያፋቅራል።

ያን ቀን ማታ ውዱ ራት አላቀረበችም። "ወፍጮውን ካልለቀቅህ ኮን አገር አባቴ ቤት እሄዳለሁ" አለች። የቀልድ አልነበረም፤ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀምጣለች። ጋሻዬ ሥራውን ይወድ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ምን እንደጎደላት የሚያውቅ፣ "እሷ" እያለ የሚጠራት ሰው ነው። ሚስቱንም ይወዳል። ስንት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና በመጨረሻ "እሺ፣ እለቃለሁ። አለቃቀቄን ግን ለእኔ ተይልኝ" አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ማኒቬላውን ወርውሮ ይወጣ ነበር። ጋሻዬ ግን ከሊቀመንበሩ ከአቶ ሙሉሃብት ዘንድ ቀረበ። በዚያ ዘመን ሥራ እለቃለሁ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

"ጓድ ጋሻዬ፣ ማን አስከፋህ?"

"ኧረ ማንም።"

"ታዲያ የሕዝብ ወፍጮ ጥለህ ወዴት? ይኼ ሻጥር ነው እኮ የሚባለው!"

"ጥዬ አይደለም፣ አስረክቤ ነው ጌታዬ። የሚተካኝን ሰው ስጡኝ፣ ላስተምረው። ድንጋዩን ወቅሬ፣ የሞተሩን ቺንጋ ቀይሬ፣ የፋሲካን እህል ፈጭቼ እወጣለሁ። ከወጣሁም በኋላ ሞተሩ እምቢ ካለ ጥሩኝ፤ ቤቴ ሩቅ አይደለም።"

"ምክንያትህስ?"

ጋሻዬ ወገቡን ያዝ አደረገ።

"ወገቤ" አለ።

ወገቡ ደህና ነው። ሚስቱን በሰው አፍ ላለማስገባት ነበር። ወሬው ሲደርሳት ውዱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሴቶቹ ወገቡ የታመመ መስሏቸው ቅቤ በቅል እየያዙ ቤቷ ይጎርፉ ጀመር። "ወገቡን በቅቤ እሺው እቴ፣ ማታ ማታ ሞቅ አድርገሽ እሺው" ይሏታል። የሰው ባል ወገብ ምን አገባቸው! ከሁሉም የበዛው ቅቤ የይማርሽ ነበር። ውዱ ተቀብላ አመሰገነችና ቅሉን ከአልጋው ሥር ደበቀችው።

ጋሻዬ ደባሱ የሚባል አዲስ ሙሽራ ጎረምሳ ተሰጠውና ጾሙን ሙሉ ሲያስተምረው ከረመ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ማኅበሩ በወፍጮው ደጃፍ ሸኘው። ሊቀመንበሩ ሻጥር ያሉትን ረስተው ምሳሌ ነው አሉት። ቄስ ገብረመስቀል ተነሥተው "መግቢያህን እንዳሳመረ መውጫህንም ያሳምርልህ" ብለው መረቁት። እልልታው ቀለጠ። ይማርሽ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና "ባሌ የሞተ ጊዜ የተዝካሩን እህል አምሽቶ ፈጭቶልኛል። ወንድሜ ነው" አለች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ወንድም! አለች ውዱ በሆዷ። እሷ ኮን ብትሄድ እንዲህ የሚያለቅስላት መኖሩን ተጠራጠረችና በገዛ ባሏ ቀናች።

በማግስቱ ጋሻዬ በሳሙና ታጥቦ፣ እጁ ነጭ ሆኖ ገበታ ቀረበ። ውዱ የይማርሽን የሚያስንቅ አነባበሮ ጋግራ ነበር። ጠቅልላ "በሞቴ" ብላ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

"እጄ ንጹሕ ነው እኮ" አለና ከእጇ ተቀብሎ ራሱ በላ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጎ በላ። ማጉረሱ ግን ቀረባት። ጧት ጧት ሞተሩ ሲነሣ ቀና ብሎ ያዳምጣል። "ደባሱ አጣደፋት" ይላል። ውዱ በሞተርም መቅናት እንደሚቻል ያወቀችው ያኔ ነው።

ዱቄቱ አለቀ። ባለ ወፍጮ ባል የለ፤ ውዱ ገብሷን አዝላ እንደማንኛዋም ሴት ወረፋ ያዘች። ረፋዱ አለፈ፣ ራባት። ስንቋን ፈታች። ደባሱ ከሞተሩ ጎን ቆሞ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ወደ ጭብጦው ላለማየት ጣራ ጣራውን ያያል። ሴቶቹ ውዱን አዩዋት። እንዴት ብሎ ይዋጣል? ነውር ነው። ቆረሰችና "በሞቴ!" አለችው። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አፉን ከፈተ። ደስ አላት። እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር።

"አንድማ ያጣላል!" አለችና ደገመችው።

ቀና ስትል ከበሩ ላይ አገሬ ቆማለች፤ የደባሱ ሙሽራ። መቃኑን ይዛ የባሏን አፍ ታያለች። ውዱ ያን አስተያየት ታውቀዋለች።

ልታስረዳት ፈለገች። እጁን እዪው እስኪ፣ በምን ይብላ ልትላት፤ እምቢ ቢልስ ነውር አይደለም ልትላት፤ ወንድሜ ነው ልትላት አሰበች። ሁሉንም ከዚህ በፊት ሰምታዋለች። አንዱንም አላመነችም ነበር።