ያልተቀመሰው ድንጋይ

ለታ መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለ የዕቃ መላኪያ ቤት በር ላይ ፈታሽ ነው። ውኃም ሆነ ዱቄት ይዞ የመጣን ሰው «ቅመስ» ይለዋል፤ ያልቀመሰ አያልፍም።

ዛሬ ከሰልፉ ተራ የደረሳት ሴትዮ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ለብሳለች። የጣቶቿ ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ጠጥቷል፤ ቦርሳዋንም እንደ ጨቅላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ለታ ከውስጡ አንድ ብልቃጥ አወጣ፤ እንደ ስኳር የደቀቁ አረንጓዴ ድንጋዮች ይዟል።

«ቅመሺው።»

«ይመርዛል ጋሼ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ራሴ ያበቀልኩት ድንጋይ ነው፤ ያለኝም ይኸው ብቻ ነው። በውስጡ ጥቃቅን ማግኔቶች ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በተቃራኒ መዞር ይሻል። ሁለቱ ሲስማሙ ሦስተኛው መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ድንጋዩ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ ማግኔቶቹ የሚረጉ አይመስለኝም። ያን ያህል የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ እዚህ ስለሌለ፣ እንዲለካልኝ ውጭ ልልከው ነው።»

«የማይረጋ ጎረቤትማ እኛም ሰፈር ሞልቷል» አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ።

ለታ የተሳቀው በእሱ ላይ መሰለው። ክዳኑን ከፍቶ ብልቃጡን መዳፉ ላይ ገለበጠው። አብዛኛው በጣቶቹ መካከል ሾልኮ እግሩ ሥር ባለው የቦይ ፍርግርግ ገባ።

ሴትዮዋ ተንበርክካ ከአስፋልቱ ላይ የቀረውን በወረቀት ጫፍ መልቀም ጀመረች።

«ጋሼ» አለችው ቀና ሳትል፣ «ምግብ ሳይነኩ እጅዎን በደንብ ይታጠቡ፤ እንዳይጎዳዎት።»

ለታ መዳፉ ላይ ገና ጥቂት ፍሬዎች ነበሩና፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ እነሱንም ለቅማ እስክትጨርስ እጁን እንደዘረጋላት ቆመ።