ብርድ ልብስ የለበሰችው መኪና

በረዶ የሚወድ ሰው ወይ መኪና የለውም፣ ወይ እናቱ ጤነኛ ናት። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን እዚህ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በረዶ መጣሉን በሰሙ ቁጥር «በረዶው ላይ ቆመሽ ፎቶ ላኪልን» ይሉኛል። ደሜ ይፈላል። እኔ በረዶ ሳይ የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ነገ ጠዋት ትነሳለች ወይስ አትነሳም?

የእናቴ ኩላሊቶች ሥራ አቁመው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ካልሄደች ሰውነቷ ውሃ ይቋጥራል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ቀን ከዘለለች ታብጣለች፤ ሁለት መዝለል አይታሰብም። ክሊኒኩ ሩቅ ባይሆንም አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እንኳን መራመድ አትችልም። ሕይወቷ የተንጠለጠለው በእኔ አሮጌ መኪና ላይ ነበር።

መኪናዋን የሚንከባከባት አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና የአሰብን መስመር የተመላለሰ ሾፌር፣ በመኪና ነገር ከእኔ በላይ ላሳር ባይ። እዚህ ከመጣ ወዲህ ዓይኑ ስለደከመ መንጃ ፈቃድ አላወጣም፤ መንዳቱ ሲቀርበት እንክብካቤው ላይ በረታ። በረዶ ሲጥል ከሁላችን ቀድሞ ወርዶ በቤት መጥረጊያ ይጠርጋታል፤ መስታወቷ ላይ ካርቶን ያነጥፋል፤ ሲመሽ ደግሞ ኮፈኗን ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ጎረቤቶች ቆመው ያዩታል።

«አባዬ፣ ሰው እየሳቀብን ነው እኮ» እለዋለሁ።

«ይሳቅ። እናትሽን የምታደርስ እሷ ናት» ይለኛል።

ጠዋት ጠዋት ውሃና ዘይቷን ያያል። ራዲያተሯ ትንሽ ያንጠባጥብ ስለነበር ከኩሽና በጆግ ውሃ ቀድቶ ይሞላላታል። በአሰብ መንገድ፣ በዚያ ሐሩር፣ መኪናን የሚያድናት ውሃ ነው፤ ውሃ የረሳ ሾፌር በረሃ ላይ ይቀራል። እዚህ ግን የሚጨመረው በብርድ የማይረጋ አንቲፍሪዝ ነው። ይህን እሱ አያውቅም፤ እኔም መንዳት እንጂ ኮፈን መክፈት አላውቅም። በሙቀቱ ወራት እየሞላ እየሞላ አንቲፍሪዙ ተሟጥጦ፣ ራዲያተሯ ውስጥ የቀረው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያ ብርድ መጣ። መጀመሪያ በረዶው ጣለና መንገድ ተዘጋ፤ እናቴ አንድ እጥበት ዘለለች። እግሮቿ አበጡ። ቀጥሎ ብርዱ ጠንክሮ ምድሩን ሁሉ መስታወት አደረገው። በሚቀጥለው ተራዋ አባቴ አካፋ ይዞ ወርዶ መኪናዋን ቆፍሮ አወጣት። ቁልፉን ሳዞረው ተነሳች።

«አላልኩሽም?» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ።

እናቴን በካፖርት ላይ ካፖርት ደርበንላት ከኋላ አስገባናት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ጥቂት እንደሄድን የሙቀቱ መለኪያ ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣና ሞተሩ ጮኾ ጠፋ። አባቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ሲዘጋው ፊቱ ተለዋውጧል።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«እንጃ።»

ስለ መኪና ተጠይቆ እንጃ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክሊኒኩ ጋ ኮል ሳደርግ በአየሩ ምክንያት ቀድመው ሊዘጉ ነው፤ ነገ አምጫት አሉኝ። ታክሲ ብጠራ የሚመጣ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ አዝኖልን ወደ ቤት መለሰን። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቁጭ ብላም መተንፈስ አቃታት፣ አምቡላንስ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ ቤቷን አላየችም።

መኪናዋን ከከተማው ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ከምሠራበት ሆቴል አጠገብ ወዳለ የሐበሻ ጋራዥ አስጎተትኳት። እናቴ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ጎራ አልኩ።

«ይሄ ውሃ ብቻ ነው እኮ!» አለኝ መካኒኩ። «በረዶ ሆኖ ሞተሩን ሰንጥቆታል። ማነው ውሃ የሞላበት?»

አባቴ ከኩሽና ጆጉን ይዞ ሲወርድ ታየኝ።

ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሆስፒታሉ ባቡር ውስጥ የምናገረውን ሳዘጋጅ መጣሁ። ሰው መጠየቅ ሞት የሚመስለው! በግትርነቱ እናቴን አልጋ ላይ የጣለ! አባት ነው ብዬ አንዲት ቃል አልተውለትም ብዬ ነበር።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። አባቴ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጇን ይዟል።

«ውሃው ነው» ይላታል። «ራዲያተሩ አፍ ላይ በረዶውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። እዚህ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ።»

እናቴ የኦክስጂኑን ማስክ ከአፏ ከፍ አደረገች።

«በል ዝም በል። ለልጅቷ እንዳትነግራት። ኃይለኛ ናት፣ ትጮህብሃለች። እኔ ከሌለሁ ማን ይገላግልሃል?»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ገባሁ።

«መካኒኩ ምን አለ?» አለችኝ እናቴ፣ ፈራ ተባ እያለች።

«አርጅታለች አለኝ። ዕድሜዋ ነው።»

ፊቷ ፈታ አለ፤ ዓይኗን ጨፈነች። አባቴ ግን ቀና ብሎ አየኝ። የስንት ዘመን ሾፌር ነው፤ መካኒክ እንደዚያ እንደማይል ያውቃል። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።