ቀጭን ፈታይዋ አማቴ

የልጅ ልጄ እንግሊዝኛ ስታጠና አንዲት ቃል ይዛ ቤቱን ስትዞር ዋለች፤ ፋይን። ክር ሲቀጥን ፋይን፣ ወይዘሮ ስታምር ፋይን፣ ሰማዩ ሲጠራ ፋይን፣ ሰው «እንዴት ነሽ?» ቢላትም ፋይን። «አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል?» ብላ ተማረረችብኝ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። እኛስ «ቀጭን»ን ስንት ሥራ አሠርተናታል! ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ደጅ ቢደርስም ጌታው ቀጭን ጌታ ነው። ይግባኝ የሌለው ትእዛዝ ቀጭን ትእዛዝ ነው። ደርባባዋ ሴት ቀጭን እመቤት ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሴት ልጅ መመዘኛ የነበረችው አለች፤ ቀጭን ፈታይ። በዚህች በመጨረሻዋ ምክንያት ባል ሊያመልጠኝ ነበር።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ጠላት ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል፤ በገጠሩ ግን አርበኛው እንደ ልብ አላስኬደውም። እኛ የምንኖረው አምበር አጠገብ ነበር። የታጨሁለት ሰው ዱር ቤቴ ብሎ ጮቄ ተራራ ላይ ከርሟል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። በሁለተኛው ጊዜ ከቤታችን ሲወጣ የጠመንጃው አፈሙዝ ከበሩ ጋር ተጋጨና ደንግጦ በሩን ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ሌላ ባል አልታየኝም።

እናቱ ግን ስማቸው ሲነሳ ሰው ቀና ብሎ የሚቀመጥላቸው ሴት ነበሩ። ቀጭን እመቤት ናቸው፤ ከዚያም አልፈው በአገሩ የታወቁ ቀጭን ፈታይ። እሳቸው የፈተሉት ኩታ ተጣጥፎ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል ይባል ነበር። የልጃቸውን እጮኛ የሚፈትኑበት የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ጥጥ ይልካሉ፤ ልጅቱ ፈትላ ለሙሽራው ኩታ ታሠራለች፤ ኩታውን ራሳቸው መጥተው ያያሉ። ለታላቅ ልጃቸው ታጭታ የነበረችውን አንዲት ልጅ በዚሁ የተነሳ ትተዋታል። የእኔም ጥጥ በእንቅብ ሙሉ መጣ። ከጥጡ ጋር የተላከው ቃል አጭር ነበር፤ «ቀጭን ይሁን።»

እጄ ግን ለዚህ አልተፈጠረም። ባዘቶውን ሳብ ባደረግሁት ቁጥር ይበጠሳል፤ እንዳይበጠስ ስል ይወፍራል። እናቴ ከጎኔ ቁጭ ብላ፣ «ሳቢው እንጅ አንች ልጅ! ምነው የበሬ ማሰሪያ አደረግሽው!» ትለኛለች። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ልቃቂቴን ከፍ አድርጋ ለሴቶቹ እያሳየች፣ «ይሄ ለሙሽራ ነው ወይስ ለአህያ መጫኛ?» ብላ አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስሁ። የበሩ ነገር ትዝ እያለኝ ነበር ያለቀስሁት።

ቀኑ ሲቃረብ ሰይጣን መከረኝ። ሁለት ዶሮ ይዤ ማርቆስ ገበያ ወረድሁና እነሱን ሸጬ ከአንድ ሱቅ ክር ገዛሁ፤ በጣልያን መኪና የመጣ የፋብሪካ ክር። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ እንደ ወተት የነጣ ነው። ለእናቴም ሳልነግር ለሸማኔያችን ወሰድሁት። ሸማኔያችን ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔን ከጨቅላነቴ ያውቁኛል። ክሩን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄን የፈተለ እጅ አንድ ቦታ እንኳ አልደከመውም» አሉ።

«አባባ፣ ዝም ብለው ይሥሩልኝ።»

«እሠራዋለሁ። ግን ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ የእጮኛዬ እናት በበቅሎ መጡ። እናቴ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠቻቸው፤ ጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ እየገቡ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ኩታውን አቀረብሁ። በበሩ በኩል ወደሚገባው ብርሃን ዘረጉትና ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ሄዱበት።

«ቀጭን ነው» አሉ።

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ቀጭን ነው። እኔ አርባ ዓመት ፈትያለሁ፤ የእኔ ክር እንኳ አንዳንድ ቦታ ያብጣል። ለመሆኑ ይሄ የየት አገር ሴት እጅ ነው?»

እናቴ አፏን ዘጋች። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባላል፤ እኔ ቆሜ ነበር። መዋሸት እችል ነበር። ግን አንዴ ከዋሸኋቸው ዕድሜ ልኬን እየዋሸሁ ልኖር ነው ብዬ ፈራሁ።

«እሜቴ፣ የሱቅ ነው። ከማርቆስ ገዝቼ ነው» አልኋቸው።

«የጠላት ክር?»

«አዎ፣ እሜቴ።»

«ለአርበኛ?»

በቃ አለቀልሽ አልሁ በልቤ፤ ያ ሰው የሌላ ሴት ባል ሆነ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ የላክሁት ጥጥስ የት ደረሰ?»

ከጎታው ጀርባ የደበቅሁትን እንቅብ አመጣሁ። እያንዳንዱ ልቃቂት ትንሽ ዱባ ያህላል። አንዱን አንስተው ክሩን መዘዝ አደረጉ፤ በሁለት እጃቸው ጠምጥመው ሳቡት። አልተበጠሰም። ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ሳቡት። አልተበጠሰም። ልቃቂቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ ሰው ልኮብኝ ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «‹እማዬ፣ ኩታሽ ያምራል፤ የጮቄ ውርጭ ግን ኩታ አያውቅም። ቡልኮ ላኪልን፣ ለእኔም ለጓደኞቼም› አለኝ።»

«ታዲያ ላኩለት?» አለች እናቴ።

«ከየት አምጥቼ! ቡልኮ ወፍራም ማግ ይፈልጋል። ስንት ሳምንት ታገልሁ መሰለሽ፤ እጄ እንቢ አለኝ። አወፍራለሁ ብዬ እጀምረዋለሁ፣ ሳላስበው ይቀጥንብኛል። ሰው እንዳልለምን ደግሞ፣ በዚህ አገር ወፍራም ፈታይ ብዬ ያልሰደብኋት ሴት የለችም!»

ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው አፌን ያዝሁ፤ ግን ወጥቷል። ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ጀመር። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ያች ክሬን የአህያ መጫኛ ያለችብኝ ጎረቤት ከሁሉ በላይ ነበር የሳቀችው።

ሳቁ በረድ ሲል ኩታውን በጣታቸው ጫፍ አንስተው ለእናቴ ሰጧት። «ይሄን ልጄ አይለብሰውም። ለቁስል ማሰሪያ ግን ይመቻል። ተቀዶ ወደ ዱር ይሂድ» አሉ። ይህችም ቀጭን ትእዛዝ ነበረች፤ እናቴ እዚያው ትቀደው ጀመር።

እሳቸው ደግሞ ከመደቡ ወረዱና እኔንም አስቀምጠው መሬት የተነጠፈው ቁርበት ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። እንዲህ ያለች እመቤት ከእኔ እኩል መሬት ስትቀመጥ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

«በይ አሳይኝ» አሉ።

እንዝርቴን ሰጠኋቸው። ባዘቶውን ሳብ ሲያደርጉት እንደ ልማዳቸው ቀጠነ። ተናደዱ። ደገሙት፤ አሁንም ቀጠነ።

«አይሳቡት፣ እሜቴ። ይተዉት፤ እሱ ራሱ ይምጣ» አልሁና ሳላስበው እጃቸውን ያዝሁት። ያ አገር የሚፈራው እጅ ትንሽ ነው፤ ይሞቃል። ቀስ ብለን አብረን ለቀቅነው። እንዝርቱ ዞረ፣ ባዘቶው መጣ፣ መጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ጉብ ብሎ አስቀያሚ ወፍራም ክር ሆነ።

«ወፈረ! እዩልኝ፣ ወፈረ!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ።

እናቴ ያን ጊዜ የጀመረቻትን እልልታ አሁን ጨረሰቻት። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ እጃቸውን አልለቀቅሁም፤ እሳቸውም ልቀቂኝ አላሉም። ዓይናቸውን ከእንዝርቱ ሳያነሱ ለእናቴ እንዲህ አሏት፦

«ሰርጉ ክረምት ሳይገባ ይሁን። እኔ በየሳምንቱ እዚህ ድረስ እየመጣሁ ልማር አልችልም።»